ሳይሻገሩ መለካት፤ ከራቤል ገደል እስከ ከዋክብት

በመንዝና በግሼ ደጋ የኖረ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። ማዶ ለማዶ ያሉ ሁለት ሰዎች ይጠራራሉ፤ አንዱ የሌላውን ቤት ጢስ፣ የከብቱን መልክ፣ የገብሱን መድረስ ያያል። ነገር ግን ለለቅሶ ወይም ለሠርግ መገናኘት ሲያስፈልጋቸው ገደሉን ቁልቁል ወርደው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ እንደገና ዳገቱን ወጥተው እስኪደርሱ ግማሽ ቀን ያልፋል። ዓይን በቅጽበት የሚደርስበትን እግር ከጧት እስከ ቀትር ይደክምበታል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ከራቤል ወጣ ብሎ ከአንዱ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ፣ «ከእኔ እስከዚያ ማዶ እስካለው ዛፍ ድረስ በቀጥታ ስንት ሜትር ይሆን?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱን በእግሩ ሊያገኘው አይችልም። እርምጃውን ቢቈጥር የሚያገኘው የመንገዱን ጥምዝምዝ እንጂ ቀጥታውን ርቀት አይደለምና። ዛፉን ትቶ ጨረቃን ቢጠይቅ፣ ጨረቃን ትቶ ኮከብ ቢጠይቅም ጥያቄው ያው ነው፤ ሊሻገሩት የማይቻለውን ነገር እንዴት መለካት ይቻላል? መልሱም ለሦስቱም አንድ መሆኑ ነው የሚያስደንቀው። ይህም መልስ አንዱ ማዕዘኑ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት ነው።

ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት የሚሉትን ስሞች ለፈተና ሲሸመድድ ያልመረረው ተማሪ ጥቂት ነው። እኔም ከመረራቸው አንዱ ነበርሁ። ስሞቹ የባዕድ ናቸው፤ ሥራው ግን ለአገራችን ባዕድ አይደለም። የእጅ ሰዓት ሳይገባ በፊት ካህናቱ የቅዳሴውን ሰዓትና የጾሙን መፍቻ የሚያውቁት ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ ነበር። በየወሩ ጥላው ስንት ጫማ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚያሳይ ሠንጠረዥ በግዕዝ የሐሳብ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። እስቲ ነገሩን ልብ ብለን እንመርምረው። ቁመተ ረጅሙ ካህን ጥላው ይረዝማል፤ ግን ጫማውም ይረዝማል። አጭሩም እንዲሁ ጥላው ቢያጥር ጫማው ያጥራል። ስለዚህ ሁለቱም ቈጥረው የሚያገኙት ቍጥር ተቀራራቢ ነው። የሰውዬው ቁመት አንዱ ጎን፣ መሬት ላይ የተኛው ጥላ ሁለተኛው ጎን፣ ከራሱ እስከ ጥላው ጫፍ የሚወርደው የፀሐይ ጨረር ደግሞ ሰያፉ ጎን ነው። ታንጀንት የሚባለውም ከዚህ የራቀ ነገር አይደለም፤ የቁመቱ ለጥላው መካፈል ነው። ጥላው ከቁመቱ ሲተካከል ፀሐይ በ45 ዲግሪ ላይ ናት። ጎኖቹ ትልቅ ይሁኑ ትንሽ ማዕዘኑ አንድ ከሆነ ክፍያው አንድ ነው።

አሁን ወደ ገደሉ አፋፍ እንመለስ። ተማሪው ማዶ ያለውን ዛፍ ፊት ለፊት አይቶ በቆመበት ላይ ካስማ ይተክላል። ከዚያ ወደ ጎን ቀጥ ባለ ማዕዘን መሄድ አለበት። ቀጥ ያለ ማዕዘን ለማውጣት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በ12 እኩል ቦታ የተቋጠረ ገመድ 3፣ 4 እና 5 ክፍል አድርጎ በሦስት ካስማ ቢወጥሩት በ3ቱና በ4ቱ መካከል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ አቅጣጫ 100 ሜትር ሄዶ ሁለተኛ ካስማ ይተክልና ከዚያ ሆኖ በመጀመሪያው ካስማና በዛፉ መካከል ያለውን ማዕዘን ይለካል። 87 ዲግሪ አገኘ እንበል። የ87 ዲግሪ ታንጀንት 19.08 ነው፤ በ100 ሜትር ሲባዛ 1908 ሜትር ይሆናል። ተማሪው ገደሉን ሳይወርድ፣ ወንዙን ሳይሻገር ርቀቱን አወቀ።

አወቀን? እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ነውና። የተማሪው መሣሪያ የትምህርት ቤት ፕሮትራክተር ነው እንበል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ አንድ ዲግሪ መሳሳት ቀላል ነው። ማዕዘኑ በእውነት 88 ቢሆን ርቀቱ 2864 ሜትር ይሆናል፤ 86 ቢሆን ደግሞ 1430 ሜትር ብቻ ነው። በአንዲት ዲግሪ ስሕተት ገደሉ ሊሰፋም ሊጠብም ነው ማለት ነው። በዚህ ልክ ድልድይ ልሥራ የሚል መሐንዲስ ቢኖር ወዮለት። ማዕዘኑ ወደ 90 በተጠጋ ቍጥር ታንጀንቱ እንደ ግሼ ገደል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በዚያ ዳገት ላይ የአንድ ዲግሪ መንሸራተት የሚያደርሰው ጉዳት ትልቅ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው፤ ወይ ማዕዘኑን አጥርቶ መለካት፣ ወይ የመነሻውን መስመር ማስረዘም። ያው ተማሪ በ100 ሜትር ፈንታ 500 ሜትር ቢሄድ ማዕዘኑ 75 ዲግሪ ከጥቂት ይሆናል፤ ያንኑ የአንድ ዲግሪ ስሕተት ቢሳሳትም ውጤቱ የሚዛነፈው በ150 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሰው ልጅ የጠፈርን ርቀት ለማወቅ የደከመው ድካም ሁሉ እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች የመፈለግ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት የነበረው የሳሞሱ አርስጥሮኮስ ልክ እንደ ራቤሉ ተማሪ ተፈትኖበታል። ጨረቃ እኩሌታዋ ብቻ በሚበራበት ሰዓት ፀሐይ፣ ጨረቃና ምድር ቀጥ ያለ ማዕዘን ያለው ጎነ ሦስት እንደሚሠሩ አስተዋለ፤ ቀጥ ያለው ማዕዘን በጨረቃ ላይ ነው። ስለዚህ ከምድር ሆኖ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን ቢለካ ፀሐይ ከጨረቃ ስንት እጥፍ እንደምትርቅ ያውቃል። አሳቡ እንከን የለውም። እርሱ የወሰደው ማዕዘን 87 ዲግሪ ነበርና ፀሐይ ከጨረቃ 19 እጥፍ ገደማ ትርቃለች አለ። እውነተኛው ማዕዘን ግን 89 ዲግሪ ከ51 ደቂቃ ያህል ነው፤ እውነተኛውም እጥፍ 390 ገደማ ነው። ከሦስት ዲግሪ በታች የሆነ ስሕተት ፀሐይን 20 ጊዜ ያህል አቀረባት። ሆኖም አርስጥሮኮስን የሚነቅፍ ሰው መጀመሪያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ፕሮትራክተሩን ይዞ ይሞክረው።

በአገራችን መሬት ላይ ይህን ሥራ በሰፊው ከሠሩት ሰዎች አንዱ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በማዘጋጀቱም የሚታወቀው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ነው። (ከዚህ ጀምሮ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ዳባዲ በ1838 በየካቲት ወር ከምፅዋ ደርሶ እስከ 1848 ድረስ ከሰሜን ደጋ እስከ ጎጃም፣ ከዚያም እስከ እናርያና ከፋ ተዘዋወረ። በዚያ ዘመን በገደልና በወንዝ በተቈራረጠ አገር ላይ ሰንሰለት እየዘረጉ ረጅም የመነሻ መስመር መለካት የማይሞከር ነበር። ስለዚህ ከፍታ ላይ እየወጣ ማዕዘን መለኪያውን ተክሎ ዙሪያውን የሚታየውን ተራራ ሁሉ ማዕዘን ይጽፋል፤ የቦታዎቹንም ኬክሮስ ከፀሐይና ከከዋክብት ያወጣል። ምድርን ለመለካት ሰማይን ተጠቀመ ማለት ነው። አገሩ ከገባ በኋላም ስሌቱን ለማጠናቀቅ ዓመታት ፈጅቶበት የኢትዮጵያ የመሬት ልኬት መጽሐፉ በሮዶልፍ ራዶ ረዳትነት ከ1860 እስከ 1873 ታትሞ ወጣ። እግር ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ገደል ለዳባዲ እንቅፋት አልነበረም፤ እንዲያውም ከአፋፍ እስከ አፋፍ የሚታይ አገር ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ፣ ከ1950ዎቹ ማለቂያ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት ሲባል በኢትዮጵያና በአሜሪካ መንግሥታት ትብብር ከተራራ ወደ ተራራ የሚዘረጋ የጎነ ሦስት ሰንሰለት ተሠራ። የዚህ ልኬት መነሻ አዲንዳን የተባለው ጣቢያ ነው። በአገራችን ካርታዎች ኅዳግ ላይ «አዲንዳን» የሚለውን ቃል አይቶ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ያለፈ ወጣት ባለሥልጣን ቢኖር፣ ያ ስም የዚህ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ስም ነው።

ከምድር ተነሥተን ወደ ጨረቃ ለመሄድ ግን መቶ ሜትርም መቶ ኪሎ ሜትርም አይበቃም፤ ምድር ራስዋ መነሻ መስመር መሆን አለባት። ስለዚህ የምድርን መጠን ማወቅ ይቀድማል። ለዚህም ራቤል የምትመች ስፍራ ናት። ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 9 እና በነሐሴ 20 ቀን አካባቢ፣ ፀሐይ በቀትር በአናትዋ ላይ ትቆማለች፤ የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባል። (የነሐሴውን ደመና ስለሚጋርደው የሚያዝያው ይሻላል።) በዚያው ቀን አዲስ አበባ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ አንድ ሜትር እንጨት በቀትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ይህም ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ፣ ማለትም የሙሉው ክብ 240ኛ እጅ መሆኑን ያሳያል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በቀጥታ ሰሜንና ደቡብ ያለው ርቀት 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና በ240 ሲባዛ 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። የምድር ዙሪያ ይኸው ነው። ኤራቶስቴኔስ በግብፅ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል ያደረገው ይህንኑ ነበር። ሁለት ትምህርት ቤቶች በስልክ ተቀጣጥረው ሊሠሩት ይችላሉ፤ የራቤል ቀትር ከአዲስ አበባው በሦስት ደቂቃ ያህል እንደሚቀድም ብቻ ያስታውሱ።

የምድር መጠን ከታወቀ ጨረቃ ቅርብ ናት። አውራ ጣትህን ፊት ለፊትህ ዘርግተህ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ ዓይንህ ብቻ ብታየው ጣትህ ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ይዘላል። በ1751 እና 1752 ላላንድ በርሊን ላይ፣ ላካይ ደግሞ በደቡብ አፍሪቃ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ላይ ሆነው ጨረቃን ሲመለከቱ እንደ ሁለት ዓይኖች ሆኑ፤ በመካከላቸው የተኛው የመነሻ መስመር አውሮፓንና አፍሪቃን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ነበር። ከምድር እምብርትና ከምድር ጠርዝ የሚታየው የጨረቃ አቅጣጫ ልዩነት 57 ደቂቃ፣ ማለት ከአንድ ዲግሪ ጥቂት ያነሰ ነው። 6378 ኪሎ ሜትር የሆነውን የምድር እኩሌታ ወርድ በዚህ ማዕዘን ሳይን ብናካፍለው 384 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይወጣል።

ፀሐይ ግን እጅግ ስለምትርቅና ብርሃንዋ ከኋላዋ ያሉትን ከዋክብት ስለሚሰውር በዚህ መንገድ አትያዝም። ኤድመንድ ሃሌ በ1716 ያቀረበው አሳብ ዙህራ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከተለያዩ የምድር ማዕዘናት ሆኖ መመልከት ነበር። ይህ መተላለፍ በ1761ና በ1769 ሲሆን ብዙ መንግሥታት ሊቃውንታቸውን በየአቅጣጫው ላኩ። ከእነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው ለ ዣንቲ ነበር። በ1760 ወደ ሕንድ ወደ ፖንዲሼሪ ተጓዘ፤ ሳይደርስ ከተማዋን እንግሊዞች ያዟትና ቀኑ በባሕር ላይ ሳለ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ በሚናወጥ መርከብ ላይ ግን የማይረባ ልኬት እንጂ ሌላ አይገኝም። ለሁለተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት በዚያው አካባቢ ጠበቀ። በ1769 ፖንዲሼሪ ላይ ሁሉን አሰናድቶ ሲጠብቅ በዚያችው ሰዓት ደመና ፀሐይን ሸፈነ፤ ዙህራ ካለፈች በኋላ ሰማዩ ጠራ። በ1771 አገሩ ሲገባ ሞቷል ተብሎ ወራሾቹ ንብረቱን ሲከፋፈሉ፣ በአካዳሚው ያለው ወንበሩም ለሌላ ተሰጥቶ አገኘው። በመንዝ ጉም ውስጥ ያደገ ሰው የዚህን ሰው ኀዘን ሳይነገረው የሚረዳው ይመስለኛል።

ሌሎቹ ግን ስለ ቀናቸው ላላንድ በ1771 ልኬቶቹን አሰባስቦ የፀሐይን ርቀት 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አደረሰው። ዛሬ የሚታወቀው 149.6 ሚሊዮን ነው። የዙህራን መተላለፍ በአገራችንም በሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ከጧት እስከ ከሰዓት በኋላ፣ በግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ይቻል ነበር። ያመለጠው ሰው የሚቀጥለውን አያየውም፤ የሚሆነው በ2117 ነውና።

አሁን የቀረው ኮከብ ነው። ለኮከብ ምድር ራስዋ እንደ ነጥብ ናት። የሚበቃው መነሻ መስመር ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ነው፤ ዛሬ የታየው ኮከብ ከስድስት ወር በኋላ ሲታይ ተመልካቹ ወደ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተዛውሯል። እንዲያም ሆኖ ለብዙ ዘመን ማንም የኮከብን መዝለል ሊያይ አልቻለም። ዳባዲ ምፅዋ በገባበት በዚያው በ1838 ዓመት ግን ፍሪድሪኽ ቤሰል በኬኒግስበርግ ሆኖ 61 ሲግኒ የተባለው ኮከብ ከአንድ ሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ማዕዘን፣ በ0.31 ሴኮንድ ገደማ፣ እንደሚዛወር አስታወቀ። አንድ ሴኮንድ የዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው። ይህን የሚያህል ማዕዘን ማየት የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪን ከ20 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ስፋቱን እንደ መለካት ነው። ጎነ ሦስቱን ስንሠራው ቀጥ ያለው ማዕዘን በፀሐይ ላይ፣ አጭሩ ጎን ከምድር እስከ ፀሐይ፣ ረጅሙ እስከ ኮከቡ ነው። ቤሰል ያገኘው ርቀት ብርሃን በ10 ዓመት ከጥቂት ወራት የሚሄደው ያህል ነበር። ዛሬ በተጣራው ልክ ማዕዘኑ 0.286 ሴኮንድ፣ ርቀቱም 11.4 የብርሃን ዓመት፣ ማለት 108 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ከቤሰል በፊት ቁልፉን የያዘ ሰው ነበር። ቶማስ ሄንደርሰን በ1832ና በ1833 በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ሆኖ አልፋ ሴንታውሪን ሲመለከት ከቤሰል ኮከብ የሚበልጥ መዛወር አግኝቶ ነበር። ነገር ግን መሣሪያውን ተጠራጠረ፤ አንዲት ትንሽ ስሕተት ምን እንደምታደርግ ያውቃልና ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠ። ያወጣው በ1839 መጀመሪያ ነው፤ ቤሰል ከቀደመው በኋላ። ሰዎች ፈሪ ይሉታል። እኔ ግን ከአርስጥሮኮስ 87 ዲግሪ በኋላ የሄንደርሰንን ጥርጣሬ ፍርሃት ብዬ ለመጥራት አልደፍርም።

ዛሬ ጨረቃ የምትለካው አፖሎ 11 በ1969 ካስቀመጠው መስተዋት በሚመለስ የጨረር ብርሃን ነው፤ ዙህራም ከ1961 ጀምሮ በራዳር ተለክታለች። የመሬት አስተዳደር ሠራተኛው የሚይዘው የሳተላይት መቀበያም የሚሠራው በማዕዘን ሳይሆን ምልክቱ በሚፈጅበት ጊዜ ነው። ለከዋክብት ግን አሁንም መነሻው ያው ጎነ ሦስት ነው። በ2013 የመጠቀውና በ2025 ሥራውን የጨረሰው የአውሮፓ ጋያ መንኮራኩር ወደ ሁለት ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን የለካው ቤሰል በለካበት ዘዴ ነው፤ የተሻሻለው የማዕዘኑ ጥራት ነው። በእኛም አገር እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። የካርታና የጠፈር ሥራም በአንድ ኢንስቲትዩት ሥር፣ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ተጠቃሏል። ሁለቱን ሥራዎች ምን አገናኛቸው ብለው ሲገረሙ የሰማኋቸው ወጣት ሠራተኞች አሉ።

የቤሰልን ኮከብ ማየት ለሚፈልግ ራቤል ከአዲስ አበባ ትበልጣለች፤ የመንገድ መብራት አይጋርዳትምና። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም 11 አካባቢ፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ፊትን ወደ ሰሜን አዙሮ ከአድማሱ 62 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ መመልከት ነው። ደነብ የተባለውን ብሩህ ኮከብ ካገኙ 61 ሲግኒ ከእርሱ ብዙ አይርቅም፤ ደብዘዝ ያለ ስለሆነ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መታገሥ ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው ተማሪው አንደኛ ክፍል ሊገባ በተቃረበበት ጊዜ ነው።